ከሕያው ድንጋይ ጋር ወደ አኳሪየም የሚገቡ ፍጥረታት፤ መለያቸውና ጥንቃቄው

ሕያው ድንጋይ ከሞተ ኮራል አጽም የተገኘ፣ ቀዳዳ የበዛበት የኖራ ድንጋይ ነው። «ሕያው» የተባለው በላዩና በውስጡ በሰፈሩት ባክቴሪያዎች፣ አልጌዎችና ትናንሽ እንስሳት ምክንያት ነው። ባክቴሪያዎቹ ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትርፍራፊ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትሬት ስለሚለውጡ፣ ድንጋዩ የጨዋማ ውሃ አኳሪየም ዋነኛ ማጣሪያ ሆኖ ያገለግላል። በደማምና በአል ኾባር ቤቶች እንዲህ ያለውን ድንጋይ የሚይዝ ሰው፣ አብረውት የሚመጡትን ያልተጠሩ እንግዶች አስቀድሞ ለይቶ ሊያውቅ ይገባል።

ከእነዚህ ፍጥረታት አብዛኞቹ ጠቃሚዎች ናቸው። ስፖንጆች ውሃ ያጣራሉ፤ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች አልጌ ይግጣሉ፤ ጎንና ጎናቸው በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ ትሎችም የምግብ ትርፍራፊና የሞተ ሥጋ ይበላሉ። ይሁን እንጂ የትሎቹ ፀጉር ቆዳ ውስጥ ገብቶ ስለሚሰበርና ስለሚያቃጥል በባዶ እጅ አይነኩም።

አኳሪየሙን የሚጎዱት ጥቂቶች ናቸው። አይፕታዚያ የተባለው ቡናማ አኔሞን ረጃጅም ክንዶች አሉት፤ ሲነካ በፍጥነት ወደ ቀዳዳው ይሸሸጋል። ከቁራጭ ሥጋው እንደገና ስለሚያድግ፣ መቁረጥ ወይም መፋቅ ያበዛዋል እንጂ አያጠፋውም። ማንቲስ ሽሪምፕ ደግሞ ሌሊት በሚያሰማው የመንቋት ድምፅና ዓሣዎች ሳይታሰብ በመጥፋታቸው ይታወቃል። የአንዱ ዝርያው ምት በሰከንድ 23 ሜትር ያህል ፍጥነት ስላለው የሰውን ጣት ክፉኛ ሊያቆስል ይችላል።

ለሰው ሕይወት እጅግ አስጊው ፓሊቶአ ነው። ቆዳ በመሰለ የጋራ ሥጋ ላይ ተጠጋግተው የሚበቅሉ፣ የልብስ ቁልፍ የሚመስሉ ክብ አካላት አሉት፤ ዙሪያቸውም በአጫጭር ክንዶች የተከበበ ነው። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለውን ኃይለኛ መርዝ ይይዛሉ፤ የትኛው መርዝ እንዳለው ግን በዓይን አይለይም። መርዙ እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ በሕዋሳት ላይ ያለውን የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ያዛባል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 በአላስካ በአኳሪየም መደብርና በመኖሪያ ቤቶች የደረሱ፣ በዚህ መርዝ ሳቢያ ናቸው ተብለው የተጠረጠሩ ሕመሞችን መዝግቧል።

ስለዚህ ድንጋዩን ማፍላት፣ በፈላ ውሃ ማጠብ ወይም በደረቁ መፈግፈግ ፈጽሞ አይገባም፤ መርዙ ከእንፋሎትና ከፍንጣቂ ጋር ወደ ሳንባና ወደ ዓይን ይገባልና። የጽዳቱ ሥራ በአብዛኛው በቤት ሠራተኛ ላይ ስለሚወድቅ፣ አሠሪው አደጋውን በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት፣ ጓንትና የዓይን መከላከያም ማቅረብ ይኖርበታል። በአፍ ውስጥ የመራራ ወይም የብረት ጣዕም፣ ትኩሳት፣ ሳል፣ የመተንፈስ ችግርና የጡንቻ ሕመም ከታዩ፣ ክፍሉን ለቅቆ ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና በሳዑዲ ቀይ ጨረቃ የአምቡላንስ ቁጥር 997 መደወል ያስፈልጋል። ለሐኪሙም ስለ አኳሪየሙ መንገር ምርመራውን ያቃናል።

አዲስ ድንጋይ ለጥቂት ሳምንታት በተለየ ገንዳ ቢቆይ፣ ሌሊትም በቀይ መብራት ቢታይ፣ የተደበቁት ይገለጣሉ። የገንዳው ጨዋማነት ግን ድንጋዩ ከመጣበት ውሃ ጋር መቀራረብ አለበት። በምሥራቁ ጠረፍ ያለው የባሕረ ሰላጤ ውሃ በሊትር ከ40 ግራም በላይ ጨው ሲይዝ፣ የብዙ አኳሪየሞች ልክ 35 ግራም ያህል ነው። ድንገተኛ ለውጥ ጠቃሚዎቹን ፍጥረታት ይገድላል፤ ብስባሳቸውም መልሶ አሞኒያ ይሆናል።