የሥጋ ደዌ ምሥጢርና የታላላቅ ኮምፒዩተሮች ዘመን

ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዘነበወርቅ ሰፈር ስሙን ያገኘው፣ ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተሠራውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው ሆስፒታል ሲሆን፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ርስትና ዘመድ ትተው የመጡት ድውያን በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ እየቀለሱ ያቀኑት መንደር ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁና፣ በ1965 አለርት የተባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከል በዚሁ ስፍራ ተቋቋመ፤ በ1970ም በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ የምርምር ተቋም ተጨመረለት፤ ይህም የደዌውን ረቂቅ ተሐዋሲ በ1873 ባገኘው በኖርዌያዊው ሐኪም በአርማወር ሐንሰን ስም ተሰየመ።

ስለ ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ታሪክ ልጽፍ ተነሥቼ ከድውያን መንደር መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የሥጋ ደዌ ተሐዋሲ በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ቢዘሩት አይበቅልምና፣ ሊቃውንቱ አርማዲሎ በሚባል የአሜሪካ እንስሳ ገላ ውስጥ እያራቡ ሲመረምሩት ከኖሩ በኋላ፣ ዘረመሉን ፊደል በፊደል ለማንበብ ቆረጡ፤ በየካቲት 2001ም 3.27 ሚሊዮን ያህሉ የዘረመሉ ፊደል ተነቦ ታተመ። ከጂኖቹ 1,600 የሚሆኑት በሥራ ላይ ሲገኙ፣ ከ1,100 የሚበልጡት ሞተው ተገኙ፤ ይህን የሚያህል ሀብት ያጣ ፍጥረት ከሕያው ገላ ውጭ ለብቻው መኖር ቢያቅተው አያስደንቅም።

ነገር ግን የንባቡ መሣሪያ የሚያነበው ቁርጥራጩን ብቻ ነው፤ ቁርጥራጩን ጫፍ ለጫፍ እያስተያየ የሚያጋጥመው ኮምፒዩተር ነው። በዚያው ወር ሴሌራ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሰውን ልጅ ዘረመል ሲያሳትም፣ 27 ሚሊዮን ቁርጥራጭ ያጋጠመው ባለ አራት ፕሮሰሰር በሆኑ 10 ሰርቨሮችና፣ ጂ ኤስ 160 በተባለው፣ 16 ፕሮሰሰርና 64 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ በያዘው በኮምፓክ ኩባንያ ታላቅ ሰርቨር ነበር።

የዚህን ማሽን አሠራር ቆም ብሎ መመርመር ይገባል። አልፋ የተባሉት ፕሮሰሰሮቹ ኮምፓክ በ1998 የገዛው የዲጂታል ኩባንያ ሥራ ሲሆኑ፣ አራት አራት እየሆኑ ከየራሳቸው ማኅደረ ትውስታ ጋር በአንድ ማገናኛ ይታሰራሉ፤ አራቱ ጭፍሮችም በበላይ ማገናኛ ተያይዘው አንድ ኮምፒዩተር ይሆናሉ። በጉባኤ ቤት ደቀ መዛሙርት ሁሉ አንዱን መጽሐፍ ከብበው እንደሚማሩ፣ 16ቱም ፕሮሰሰሮች አንዱን ማኅደር ይካፈላሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያው ያነበዋል። ሆኖም በራሱ ጭፍራ ያለውን ለማንበብ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ከሩቁ ጭፍራ ለማምጣት ከሚፈጅበት እጅግ ያነሰ ነውና፣ የመሐንዲሶቹ ጥበብ ሁሉ የሚፈለገውን ነገር ከፈላጊው አጠገብ በማኖር ላይ ያተኮረ ነበር። የዘረመሉ ቁርጥራጭ ሁሉ ከሁሉ ጋር መተያየት ስላለበት፣ ተከፋፍሎ በየቤቱ ከሚቀመጥ ማኅደር ይልቅ እንዲህ ያለው አንድ ሰፊ ማኅደር ለዚህ ሥራ የተገባ መሆኑን እኔ አልጠራጠርም። እንዲያም ሆኖ ሥራው በአንድ ፕሮሰሰር ሒሳብ 20,000 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ይኸውም አንዱ ፕሮሰሰር ብቻውን ሌት ተቀን ቢሠራ ከሁለት ዓመት በላይ የሚያስኬደው ነው።

የአልፋ ዘመን አልረዘመም፤ በ2007 ሽያጩ ቆመ፤ በአውታር የተያያዙ ርካሽና ትናንሽ ሰርቨሮችም የሥራውን ብዙ እጅ ወረሱ። የዘረመል ንባብ ዋጋ መርከሱ ግን ለደሀው አገር ሕሙማን ታላቅ በረከት ሆነ። በአርማወር ሐንሰን ስም የተሰየመው ተቋም ሊቃውንት ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ከኢትዮጵያ የሳንባና የንፍፊት ነቀርሳ ሕሙማን የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን መርምረው በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአፍሪካ ቀንድ የሚገኝ አዲስ የነቀርሳ ተሐዋሲ የዘር ሐረግ ገለጡ፤ ይህም ሰባተኛው ተብሎ ተቆጠረ፤ በብዛት የተገኘውም በወልዲያ አካባቢ ካሉ ሕሙማን ነው።