ባዜቃ ያለበት ሳሙና፦ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የአንድ ሸቀጥ ታሪክ

የሳሙና መጠቅለያ የሚያነብ ሰው ብዙ አይደለም። መድኃኒት ስንገዛ በሣጥኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ዘርግተን እናያለን፤ የታሸገ ምግብ ስንገዛም ቢያንስ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ እንመረምራለን። ሳሙናን ግን አሽትተን፣ በዋጋው ተከራክረን ወደ ቤት እንወስደዋለን። ንጽሕናን የሚሰጥ ነገር ራሱ ንጹሕ ላይሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ለሰው ይከብደዋል። ይህ እምነት በምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ምን እንዳስከተለ ከመተረካችን በፊት ሳሙና ራሱ ምን እንደሆነ ማየት ይገባናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

በአገራችን የፋብሪካ ሳሙና ከመስፋፋቱ አስቀድሞ ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለበት ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድግባቸው ነበሩ። ግኝቱ ለብዙ ዓመታት ምርምር በር የከፈተ ሲሆን፣ ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። እዚህ ላይ ያነሣነው ግን ለሌላ ነገር ነው። እድፍ የሚያስለቅቀው አረፋ ሕይወት ያለውን ነገር ጭምር እንደሚነካ እናቶቻችን በዕለት ሥራቸው ሳያውቁት አሳይተውናል።

የፋብሪካው ሳሙና ሥሪት ከእንዶድ ይለያል። ስብ ወይም ዘይት ከአልካሊ ጋር ሲፈላ ሁለት ነገር ይገኛል፤ አንዱ ሳሙናው፣ ሌላው ግሊሰሪን። ይህን ምሥጢር የፈታው ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ዩጂን ሼቭሮል ሲሆን፣ በ1823 ባሳተመው መጽሐፍ ስብ በውስጡ ምን ምን አሲዶች እንዳሉት ዘርዝሮ አስረድቷል። ከእነዚያ አንዱ ስቴሪክ አሲድ ነው። ዛሬም የጺም መላጫ ሳሙና ዋነኛ አካል ይኸው ስቴሪክ አሲድ ነው፤ ወፍራምና ቶሎ የማይጠፋ አረፋ የሚገኘው ከእርሱ ነውና። አልካሊውም እንደ ገላ ሳሙና ሶዲየም ብቻ ሳይሆን በአብዛኛው ፖታሲየም የተቀላቀለበት ነው፤ ፖታሲየም ሳሙናውን ያለሰልሰዋል፣ በውሃም ቶሎ እንዲሟሟ ያደርገዋል። ጺም የቀንድና የጥፍር ወገን ከሆነው ኬራቲን የተሠራ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ የአረፋው ሥራም ውሃውን ጺሙ ላይ አቁሞ ማቆየትና ምላጩ የሚንሸራተትበትን መንገድ ማበጀት ነው። የኮኮናት ዘይት የበዛበት ሳሙና አረፋው ፈጥኖ ይነሣል፤ ነገር ግን ቆዳን ይበልጥ ያደርቃል።

ቆዳችን በተፈጥሮው ጥቂት አሲድነት አለው። ይህንን ሁኔታ በ1928 ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች፣ ሻደና ማርኪዮኒኒ፣ «የአሲድ መጎናጸፊያ» ብለው ሰይመውታል። ሳሙና በአንጻሩ አልካሊ ነው። ፊታችንን ታጥበን ስንጨርስ ቆዳው የሚወጠርብን አንዱ ምክንያት ይህ ሲሆን፣ ጤነኛ ቆዳ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወደ ቀድሞው ሁኔታው ይመለሳል። ሲላጩ ደግሞ ምላጩ ከጺሙ ጋር የላይኛውን የቆዳ ሽፋን በጥቂቱ ይፍቃል። ስለዚህ በተላጨ ፊት ላይ የሚያርፍ ነገር ወደ ውስጥ የሚዘልቅበት መንገድ ሰፋ ይልለታል። ይህን እናስታውስ፤ ሳሙናው ውስጥ ሌላ ነገር ሲጨመር ትርጉም ይኖረዋል።

ያ ሌላ ነገር ሜርኩሪ ነው፤ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት። በ1881 ሮበርት ኮክ የተለያዩ ፀረ ተሕዋስያን ኬሚካሎችን ሲያወዳድር፣ ሜርኩሪ ክሎራይድ በጣም ቀጥኖ እንኳን ጀርሞችን እንደሚገድል አሳየ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችም ወዲያው እጃቸውንና የሕሙማንን ቆዳ ማጽጃ አደረጉት። ይሁን እንጂ ይህ ኬሚካል ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ወደማይሟሟ ነገር ተለውጦ ኃይሉ ይጠፋል። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ሜርኩሪ አዮዳይድ የተባለው ቀይ ዱቄት ነበር፤ በፖታሲየም አዮዳይድ ሲሟሟ በሳሙና ውስጥም ቢሆን ኃይሉን አያጣም። እንዲህ ሆኖ «ጀርም ገዳይ ሳሙና» ወደ ሐኪም ቤት ገባ። በዚያን ዘመን ሐሳቡ ከክፋት የመነጨ አልነበረም፤ በቁስል መመረዝ የሚሞተው ሰው እጅግ ብዙ ነበርና።

ሜርኩሪ ቆዳን እንደሚያነጣ ግን ከዚያም አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች የፊት ጠቃጠቆ ለማጥፋት ሜርኩሪ ያለበት ቅባት ይጠቀሙ ነበር። የታሪክ ምሁርዋ ሊን ቶማስ በ2020 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ ይህ ንግድ ከነጮች ገበያ ተነሥቶ፣ በጥቁር አሜሪካውያንና በደቡብ አፍሪካ በኩል አልፎ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ። በቅኝ ግዛት ዘመን የቆዳ ቀለም ሥራን፣ መኖሪያንና ክብርን ይወስን ስለነበር፣ ሸቀጡ ገዥ ለማግኘት ብዙ አልተቸገረም። እኛም ብንሆን ከጨዋታው ውጪ አይደለንም። የሰው መልክ ስንገልጽ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም እያልን በደረጃ የምናስቀምጥበት ቋንቋ አለን፤ «ቀላ ብለሻል» የሚለውም ምስጋና ሆኖ ይሰማል። የሚያቀላ ቅባት በአዲስ አበባ ሱቆችም የሚፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚዘጋጀው ታይሮሲኔዝ በተባለ ኤንዛይም አማካይነት ነው። ኤንዛይሙ የሚሠራው በውስጡ ባለው መዳብ ነው፤ ሜርኩሪ የመዳቡን ቦታ ሲይዝ ሥራው ይቆማል፣ ቀለሙም ይቀንሳል። ነገር ግን ሜርኩሪው ቆዳው ላይ አይቀርም። በላብ ዕጢና በፀጉር ሥር በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚከማቸውም ኩላሊት ውስጥ ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰው ያለ ምክንያት ይቆጣል ወይም ይተክዛል። ከእናት ወደ ፅንስም ይተላለፋል። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት ሜርኩሪው ራሱ ቆዳ ውስጥ እየተጠራቀመ ፊትን አመድማ ጥቁር ማድረጉ ነው። ለማንጣት የተገዛው ያጠቁራል፤ ሰውየውም ይህን ለማስለቀቅ ሲል ሳሙናውን ያበዛል።

በምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከናይሮቢ ሐኪሞች ነው። ፊታቸውና እግራቸው አብጦ፣ በሽንታቸው ብዙ ፕሮቲን የሚወጣ አዋቂ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል ይመጡ ነበር። ሐኪሞቹ የጠየቋቸው ስለ ምግብና ስለ ወባ ብቻ ሳይሆን ስለሚቀቡትም ነገር ነበር። በ1972 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት ከሕሙማኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሜርኩሪ ያለበት የማንጫ ቅባት ተጠቃሚዎች መሆናቸውን ገለጡ። ቅባቱን ካቆሙት መካከል ኩላሊታቸው የተሻላቸው ነበሩ። ማስረጃው ግልጽ ነበር ማለት ይቻላል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ የአውሮፓ ማኅበረሰብ ሜርኩሪን ከመዋቢያ ዕቃዎች አገደ። ይህን ያነበበ ሰው ታሪኩ እዚህ ያበቃ ይመስለዋል። ሕጉ ግን የሚጠብቀው በአውሮፓ ገበያ የሚሸጠውን ነበር፤ ወደ ውጪ የሚላከውን አልከለከለም። በዚህ ቀዳዳ የተነሣ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ለሌላ ሃያ ስድስትና ሃያ ሰባት ዓመት ሜርኩሪ አዮዳይድ ያለበት ሳሙና እየሠሩ ወደ አፍሪካ ሲልኩ ኖሩ። በመጠቅለያው ላይ የቀድሞው የሐኪም ቤት ስሙ አልተለወጠም፦ «ፀረ ጀርም»። ገዥው ለምን እንደሚገዛው ሻጩም አምራቹም ያውቁ ነበር ብንል ግፍ አይሆንብንም።

ሳሙናው እንደገና ወደ ብርሃን የወጣው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ማሳዙሚ ሐራዳ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለሚናማታ ሕሙማን ነበር። በሚናማታ ከተማ የኬሚካል ፋብሪካ ወደ ባሕር የለቀቀው ሜቲል ሜርኩሪ በዓሣ በኩል ሰዎችን መመረዙ በ1956 በይፋ ታውቆ ነበር፤ ሐራዳም መርዙ በማሕፀን ወደ ፅንስ እንደሚደርስ ካረጋገጡት ሊቃውንት አንዱ ናቸው። በ1990ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የመጡት በታንዛንያ በኩል ያሉት ወርቅ ቆፋሪዎች በሜርኩሪ ስለሚጠቀሙ፣ ሐይቁና ዓሣው ተበክሎ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። የቆፋሪዎችን፣ የዓሣ አጥማጆችንና የከተማ ነዋሪዎችን ፀጉር ሰብስበው አስመረመሩ። ዓሣ ከበላ ሰው ፀጉር ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ አብዛኛው ሜቲል ሜርኩሪ ነው። አሁን ግን ጠቅላላው ሜርኩሪ እጅግ የበዛ፣ ሜቲሉ ግን ትንሽ የሆነ ፀጉር አገኙ፤ ይህም ከዓሣ ሊመጣ አይችልም። ምንጩ ሲጠየቅ የተገኘው ሳሙና ነበር። የዴንማርክ ተመራማሪዎችም በታንዛንያ ስለሚገኘው ሳሙና በ1999 ሪፖርት አወጡ፤ ሐራዳና ባልደረቦቻቸው በ2001 ተመሳሳዩን ስለ ኬንያ ጻፉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጥቃቅን ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሜርኩሪ ካለባቸው እንዲህ ዓይነት ሸቀጦች በአንዳንዶቹ መጠቅለያ ላይ «ከብር፣ ከወርቅ፣ ከአሉሚኒየምና ከጌጣጌጥ ጋር አያገናኙ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይገኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አንዱ መለያ ምልክት አድርጎ ይጠቅሰዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሜርኩሪ ወርቅን ይይዛል። በሐይቁ ዳር ያለው ቆፋሪ ሜርኩሪ የሚፈልገው በዚሁ ጠባዩ ነው። መጠቅለያው ለቀለበቱ ተጨንቆ ማስጠንቀቂያ ጽፎለት ስለ ጣቱ ዝም ብሏል።

ወደ ውጪ መላኩ በአውሮፓ ሕግ የታገደው በ2003 ነው። በ2013 የሚናማታ ስምምነት በጃፓን ሲጸድቅ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የቆዳ ማንጫ ሳሙናዎችና ቅባቶች እስከ 2020 እንዲቀሩ ተወሰነ። በ2023 ጄኔቫ ላይ አገሮች ያንን መጠን እንኳ ሰርዘው፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ በ2025 እንዲያበቃ ተስማሙ። ንግዱ ግን በቀላሉ የሚሞት አይደለም። ሜርኩሪው ከሳሙናው ይልቅ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ያለ ስም በሚመጡ ቅባቶች ውስጥ ነው፤ በመጠቅለያው ላይም ሲጻፍ ሜርኩሪክ አዮዳይድ፣ ካሎሜል፣ ሜርኩሪዮ እየተባለ ስሙን ይለዋውጣል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይጻፍም። ቅባቱን የማይነኩት የቤተሰብ አባላትም አይድኑም፤ በፎጣውና በትራስ ልብሱ ላይ የቀረው ሜርኩሪ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፣ ሕፃናትም ይተነፍሱታል። ከገላ የታጠበው ደግሞ በቦይ ወርዶ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ይገባል፤ እዚያም በጥቃቅን ተሕዋስያን አማካይነት ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለወጣል፣ ሐራዳ በመጀመሪያ ሊፈልጉት ወደመጡት ወደ ዓሣው።