ሕግ አውጪው ራሱ ሲጥስ፦ ከዳላስ የፀጉር ቤት እስከ ጃንሆይ ቤተ መንግሥት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ "ኮቪድ ካለፈ ስንት ዓመቱ! ሰው እስካሁን ያን ጊዜ ማን የት ሄደ፣ ማን ድግስ ደገሰ እያለ የሚናደደው ለምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። በስልክ ተናግሬ የምጨርሰው አልሆነልኝም። እስቲ እዚህ ልሞክረው። የአሜሪካንና የእንግሊዝን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ግራ እንዳትጋቡ።

ነገሩን ከአንድ ቀን እንጀምር። ማርች 23፣ 2020። የዳላስ ካውንቲ ጃጅ ክሌይ ጄንኪንስ ያወጣው "ቤታችሁ ተቀመጡ" የሚለው ትእዛዝ ሥራ ላይ የዋለው በዚያች ሌሊት፣ ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። (እዚህ ቴክሳስ "ካውንቲ ጃጅ" ሲባል የካውንቲው አስተዳዳሪ ማለት ነው፤ ከችሎት ዳኛ ጋር እንዳታምታቱት።) በዚያው ዕለት ማታ ለንደን ላይ ቦሪስ ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርቦ ለእንግሊዝ ሕዝብ ተመሳሳይ ነገር ተናገረ። አገራችንም ከውጭ የሚገባውን መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ ሆቴል ለ14 ቀን ማቆየት የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። ሦስት አገር፣ አንድ ሰሞን፣ አንድ ቃል፦ ተለያዩ፣ አትገናኙ።

እኛ ሹፌሮች ያን ጊዜ ምን እንደነበርን የምታውቁት ታውቃላችሁ። ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ገብተህ ግማሽ ቀን ብትቀመጥ አንድ ሰው አይወጣም። ገንዘቡስ ይቅር፣ እንደምንም አለፈ። የማያልፈው ሌላው ነው። አንድ የሥራ ጓደኛችን እናቱ አገር ቤት አረፉበት። ሄዶ አይቀብር፣ ቢሄድ 14 ቀን ሆቴል ተዘግቶበት ሣልስቱም ሰባቱም ያልፋል። እኛም ቤቱ ገብተን አናስተዛዝነው፣ ክልክል ነው። ጋርላንድ የሚኖርበት አፓርታማ ፓርኪንግ ላይ መኪናችንን ደርድረን፣ መስኮት ዝቅ አድርገን፣ እሱ በረንዳ ላይ ቆሞ አለቀሰ፣ እኛም ከመሪ ጀርባ አለቀስን። ሀበሻ ለቅሶ ቤት ሳይገባ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

ይህን ያዙልኝ፤ የቁጣው ሥር እዚህ ነው ያለው። ሕጉን ያከበረ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ከፍሏል። አንዱ ሥራውን፣ አንዱ ሠርጉን፣ አንዱ የእናቱን ቀብር። ሕጉን ያወጣው ሰው ራሱ ሳይከፍል ሲገኝ፣ የከፈለው ሰው የሚሰማው "ተሞኘሁ" የሚል ነው። መበደል ያማል፤ መሞኘት ግን ከዚያ የባሰ ያማል።

አሁን ወደ ዳላሳችን እንምጣ። የሼሊ ሉተርን ነገር ታስታውሳላችሁ፣ ሰሜን ዳላስ የፀጉር ቤት የነበራት ሴት። ኤፕሪል 24 ላይ ትእዛዙን ጥሳ ከፈተች። ዝጊ የሚል ደብዳቤ ተጻፈላት፤ በማግስቱ ፍሪስኮ ሰልፍ ላይ ሕዝብ ፊት ቀደደችው። የፍርድ ቤት እግድ መጣ፣ እሱንም አልሰማችም። ሜይ 5 ዳኛ ኤሪክ ሞዬ ሰባት ቀን እስራትና 7,000 ዶላር ቅጣት ፈረደባት።

ከዚያ የሆነውን ልብ በሉ። ገዢው ግሬግ አበት "ለዚህ ሰው አይታሰርም" አለ። እስከ 180 ቀን የሚያሳስር ቅጣት የያዘው ትእዛዝ ግን የራሱ ነበር፤ ፊርማው አለበት! ሜይ 7 እስራቱን ከትእዛዙ ውስጥ አወጣ፣ ያውም ወደኋላ ተመልሶ እንዲሠራ አድርጎ። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዚያው ቀን እንድትፈታ አዘዘ። ምክትል ገዢው ዳን ፓትሪክ ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ አለ። ሕዝቡ በኢንተርኔት ያዋጣላት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ዛሬ እሷ የቴክሳስ ምክር ቤት አባል ናት፤ በ2024 ተመርጣ ገባች።

የሷን ስም ሁሉም ያውቃል። በዚያው በኤፕሪል ላሬዶ ላይ የታሰሩትን ሁለት ሴቶችስ? ቤታቸው ውስጥ ጥፍርና ሽፋሽፍት እየሠሩ የሚተዳደሩ ሴቶች ናቸው። ደንበኛ መስሎ በቀረበ ፖሊስ ነው የተያዙት። ገዢው እስራቱን ሲያነሳ የነሱንም ነገር ጠቅሷል፤ እውነቱ መነገር አለበት። ግን የነሱን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሕግ ከላይም ከታችም ይጣሳል። ጥሶ የሚጨበጨብለትና ጥሶ ዝም ተብሎ የሚታሰረው ግን ለየቅል ነው።

ቀጥሎ ኦስቲን። የዚያ ከተማ ከንቲባ ስቲቭ አድለር በ2020 ኖቬምበር የልጁን ሠርግ ሃያ ያህል እንግዶች ጠርቶ አደረገ። ከዚያም ከቤተሰቡና ከወዳጆቹ ጋር በግል ጄት ሜክሲኮ፣ ካቦ ሳን ሉካስ ሄደ። እሱም ባልከፋ። ኖቬምበር 9 ላይ ለከተማው ሕዝብ በቪዲዮ "የምትችሉ ከሆነ ቤታችሁ ቆዩ፣ አሁን የምንዘናጋበት ጊዜ አይደለም" የሚል መልእክት አስተላለፈ። ቪዲዮው የተቀረጸው እዚያው ካቦ ውስጥ ሆኖ ነው! ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ጋዜጣ ሲያወጣው መጀመሪያ "ያን ጊዜ የነበረውን ሕግ አልጣስኩም" አለ፣ ኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ኖቬምበር የካሊፎርኒያው ገዢ ጋቪን ኒውሰም የአማካሪውን ልደት ውድ ምግብ ቤት ሄዶ ሲያከብር ተገኘ። ከሥልጣን ይውረድ የሚለው ፊርማ በኃይል የተግለበለበው ከዚያ በኋላ ነው። በ2021 ሴፕቴምበር ሕዝቡ ድምፅ ሰጠና አተረፈው።

የነገሩ ሁሉ አባት ግን እንግሊዝ ያለው ነው። ዶሚኒክ ከሚንግስ፣ የቦሪስ ጆንሰን ዋና አማካሪ። ማንም ያልመረጠው፣ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆሮ ላይ የተቀመጠ ሰው። አገር ሁሉ በተዘጋበት በማርች መጨረሻ ሚስቱ ታማ፣ እሱም እታመማለሁ ብሎ ጠርጥሮ፣ ልጃቸውን ይዘው ከለንደን 260 ማይል ነድተው ደርሃም፣ የወላጆቹ ግቢ ገቡ። ከዳላስ ተነስታችሁ ሂዩስተንን አልፋችሁ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። ኤፕሪል 12 ደግሞ፣ የነሱ ፋሲካ ዕለት፣ ባርናርድ ካስል ወደሚባል የሽርሽር ከተማ ነዱ። ሜይ 22 ጋዜጦች አወጡት። ሜይ 25 በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት የጽጌረዳ አትክልት ውስጥ ጠረጴዛ ቀርቦለት መግለጫ ሰጠ። ለምን ነዳህ ሲባል፣ ሕመሙ ዓይኔን ነክቶኝ ስለነበር ወደ ለንደን ረጅሙን መንገድ መንዳት እችል እንደሆነ ለመሞከር ነው አለ። በሥራዬ ልናገር? ዓይኑን የተጠራጠረ ሹፌር ሚስቱንና ልጁን ጭኖ አይሞክርም! አልጸጸትም አለ፣ አልለቅም አለ፣ ጆንሰንም ደገፈው። አንድ ምክትል ሚኒስትር በዚህ ምክንያት በማግስቱ ሥራውን ለቀቀ። የደርሃም ፖሊስ የባርናርድ ካስሉ ጉዞ ቀላል ጥሰት ሊሆን ይችላል ብሎ ያለ ቅጣት ዘጋው።

ከዚያ ምን መጣ? የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከ40,000 በላይ ሰዎች የሞሉትን መጠይቅ መርምረው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ነገሩ ከወጣ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ሕዝቡ መንግሥት ወረርሽኙን ይቆጣጠራል ብሎ የነበረው እምነት ወዲያው ወረደ። ስኮትላንድና ዌልስ የራሳቸው አስተዳደር ስላላቸው እዚያ እንደዚያ አልወረደም። ስኮትላንድ ያን ጊዜ የራሷን ጉድ አይታ ጨርሳ ነበር፤ ዋናዋ የጤና ኃላፊ ካትሪን ካልደርዉድ የባሕር ዳር ቤቷ ሁለት ጊዜ ሄዳ ስትገኝ ኤፕሪል 5 ይቅርታ ጠይቃ፣ በዚያው ዕለት ሥራዋን ለቀቀች። ሁለቱን አስተያዩ። ጥፋቱ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ከጥፋቱ በኋላ ያለው ነው። ሰው ስህተትን ይቅር ይላል። እንደ ሕፃን መታለልን ግን ይቅር አይልም።

አሁን "ይሄ የፈረንጅ ፖለቲካ ነው፣ እኛን ምን አገባን?" የምትሉ አላችሁ። እኛ እኮ የዚህ ነገር ነባር ተማሪዎች ነን።

የካቲት 11 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ያቆሙት እነማን ነበሩ? ታክሲ ነጂዎች! የቤንዚን ዋጋ ተጨምሮ ታሪፍ አልተጨመረላቸውም። መምህራንም በዚያው ቀን አድማ ላይ ነበሩ። በቀናት ውስጥ ጃንሆይ ራሳቸው ወጥተው የነዳጁን ዋጋ ቀነሱ፤ ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። ከዚያ በፊት ወሎ በረሃብ አልቋል፤ መንግሥት ግን ነገሩን ሸፋፍኖ ይዞት ነበር። ጥቅምት 1966 ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ለዓለም አሳየው። ደርግ ያንን ፊልም ወሰደና ከቤተ መንግሥት ግብዣና ከሠርግ ኬክ ሥዕል ጋር ቀላቅሎ በአዲስ ዓመት ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ለሕዝብ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወጡ። ረሃብ ከዚያ በፊትም ነበር፤ ንጉሥ ያወረደ ግን አልነበረም። የዚያን ማታ ሕዝቡን ያቃጠለው የተራበው ሕፃንና ኬኩ አንድ መስኮት ላይ አብረው መታየታቸው ነው።

ግን ታሪኩ እዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ያንን ፊልም ያሳየው ደርግ ራሱ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ መስከረም 1977 ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ አዲስ አበባን በባንዲራና በሐውልት አሸብርቆ ሲያከብር፣ ወሎና ትግራይ እንደገና በረሃብ ያልቁ ነበር። ጥቅምት 13 የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዜና ዓለምን አስለቀሰ። በሰው ኬክ የተቆጣው የራሱን ኬክ ቆረሰ። ስለዚህ ቁጣ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም፤ ቁጣውን ተሳፍሮ ሥልጣን ላይ የሚወርደውን ሰውዬ ማየት ያስፈልጋል።

የተገላቢጦሹም አለን። በክፉ ቀን፣ ከ1880ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ገበሬው የሚያርስበት በሬ ባጣ ጊዜ፣ አጼ ምኒልክ ሕዝቡ በዶማ እንዲቆፍር አዘዙ። መኳንንት የሆነ ሰው መቆፈር ነውር ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ረሃቡን በዚያ አላቆሙትም፣ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ግን "ቆፍር" ያለው አፍና የቆፈረው እጅ የአንድ ሰው ነበር።

ወደ ቴክሳስ ልመለስና አንድ መራራ ነገር ልናገር። በ2021 ፌብሩዋሪ በዚያ በረዶ፣ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት መብራት አጥቶ፣ እኛም ልጆቻችንን በጋቢ ጠቅልለን ስናድር፣ ሴኔተር ቴድ ክሩዝ ቤተሰቡን ይዞ ካንኩን በረረ። በማግስቱ ተመለሰ፣ ስህተት ነበር አለ። በዚያ ብርድ ምክንያት የሞተው፣ ክልሉ ራሱ እንደቆጠረው፣ 246 ሰው ነው። በ2024 ተወዳደረ፣ አሸነፈ። ለሉተር ያጨበጨበው ብዙው ሰው በአድለር ተቆጣ፣ በክሩዝ ዝም አለ። በክሩዝ የጮኸው ብዙው ደግሞ በአድለር ዝም አለ። የራስ ወገን ሲሆን ምክንያት ይገኝለታል፣ የሌላው ሲሆን ግብዝነት ይባላል። እኛስ? አገር ቤት ያለውን ባለሥልጣን የምንፈርደው በሥራው ነው ወይስ በትውልድ ቀየው? እዚህ ኮሜንት ላይ የምታወሩትን ስለማነብ መልሱን አውቀዋለሁ።

ለወዳጄ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይሄ ነው። አያቶቻችን "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" ያሉት ንጉሥ ስለማያጠፋ አይደለም፤ የሚከስበት ቦታ ስለሌለ ነው። እዚህ ቢያንስ ቦታው አለ። ጆንሰን እንኳ በሎክዳውን ጊዜ በገባበት የልደት ግብዣ በ2022 ፖሊስ ቀጥቶታል፤ በዚያው ዓመት ጁላይ መልቀቁንም አስታወቀ። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ወይም በረዶ ሲመጣ "ቤታችሁ ተቀመጡ" የሚለን ሰው ይኖራል። እንስማው ወይስ አንስማው የሚለውን የምንወስነው ባለፈው ጊዜ ባየነው ነው። እምነት ካለቀ በኋላ የሚወጣ ትእዛዝ፣ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ ሰሚ የለውም፤ ያን ጊዜ የሚሞተው ደግሞ አማካሪው ሳይሆን የእኔና የእናንተ እናት ናት።

ለእድራችንና ለማኅበሮቻችንም እንዲሁ ነው፦ መዋጮ ክፈሉ የሚለው ሰብሳቢ ስሙ ከከፋዮቹ መጀመሪያ ላይ ይታይ።

በሉ እንግዲህ፣ በዚያ ዘመን ለቅሶ ሳትደርሱ የቀራችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉ፤ የሟቾቹንም ስም አስቀምጡ፣ አብረን ነፍስ ይማር እንበል። ደህና ዋሉ።