የድኅረ ምረቃ ምሩቃን የዕድሜ ልክ አገልግሎት ክብር፦ ከጥናት ወረቀት እስከ አርሶ አደሩ ማሳ

ካባ ለብሶ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዲግሪውን የተቀበለ ምሩቅ ለኅብረተሰቡ የሚያበረክተው ነገር በምረቃው ዕለት አይታወቅም። የሚታወቀው ከሃያና ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የቀድሞ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸውን ዘግይተው የሚያከብሩበት ሥርዓት ዘርግተዋል። በዚህ ጽሑፍ የክብሩን ምንነትና መመዘኛ፣ ከግብርናችንም ጋር ያለውን ትስስር እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክብሩ ምንድን ነው?

በ1861 በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹን የዶክትሬት ዲግሪዎች የሰጠው ዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ምሩቃን ማኅበር የሚሰጠው ከፍተኛ ክብር የዊልበር ክሮስ ሜዳሊያ ይባላል። ሜዳሊያው የተሰየመው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ ዲን በነበሩት፣ ኋላም የኮነቲከት ግዛት አስተዳዳሪ በሆኑት ሰው ስም ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲም ከ1989 ጀምሮ ለድኅረ ምረቃ ምሩቃኑ የመቶኛ ዓመት ሜዳሊያ ይሰጣል።

የእነዚህ ሽልማቶች መመዘኛ የፈተና ውጤት ወይም የያዙት ሥልጣን ብቻ አይደለም። በዕውቀት ላይ የተጨመረው አዲስ ነገር፣ የተማሩትና የተተኩት ወጣቶች፣ ለሕዝብ የተሰጠው አገልግሎት ይመዘናል። አሠራሩ በአብዛኛው በጥቆማ ይጀምራል። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች የምስክርነት ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ኮሚቴ መርምሮ ይወስናል፤ በመጨረሻም ሽልማቱ በአደባባይ ይሰጣል።

ከዩኒቨርሲቲዎች ውጭ ያሉ ዓለም አቀፍ ተቋማትም በዚሁ መንፈስ የዕድሜ ልክ ሥራን ያከብራሉ። በግብርናው ዘርፍ ይህን ክብር ካገኙ የኢትዮጵያ ተወላጆች መካከል የሦስቱን ሥራ እንይ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፦ አቀንጭራን የተቋቋመ ማሽላ

ፕሮፌሰር ገቢሳ የተወለዱት በምዕራብ ሸዋ ወለንኮሚ ነው። በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተጉዘው በ1978 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በሱዳን ባካሄዱት ምርምር ያወጡት ድርቅን የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ በ1983 ለአርሶ አደሩ ቀረበ።

ወደ ፐርዱ በመምህርነት ከተመለሱ በኋላ ፊታቸውን ወደ አቀንጭራ አዞሩ። የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ሳይበቅል መቆየት ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ቅመም ሲደርሰው ነው። ከዚያም ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ውኃና ምግብ ይመጣል። አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ ሰብሉ አስቀድሞ ተጎድቷል፤ ዘግይቶ ማረም የዘንድሮውን ምርት የማያድነውም ለዚህ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ይህን ቀስቃሽ ቅመም በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ ማሽላዎችን ለይተው አዳቀሉ። በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለአሥራ ሁለት የአፍሪካ አገሮች ተሠራጨ። ጎብዬና አብሽር በሚል ስም በአገራችን የተለቀቁት ዝርያዎችም የዚሁ ሥራ ውጤቶች ናቸው።

ፕሮፌሰሩ የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በ2009 ነው፤ ከዶክትሬት ምረቃቸው ሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀብለዋል።

ዶክተር መላኩ ወረደ፦ የዘር ጠባቂው

ዶክተር መላኩ በ1972 ከነብራስካ ዩኒቨርሲቲ በሰብል ማሻሻል የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ኋላም በ1976 የተቋቋመውንና ለዛሬው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መሠረት የሆነውን የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ለዓመታት መርተዋል። ዘርን በማቀዝቀዣ ክፍል ከማስቀመጥ አልፈው፣ የአገር በቀል ዝርያዎች በሸዋና በወሎ አርሶ አደሮች ማሳ ላይ እየተዘሩና እየተመረጡ እንዲጠበቁ አድርገዋል። የዚህም ትርጉም ግልጽ ነው፦ ድርቅ ዘሩን ያሳጣው ገበሬ ለመሬቱ የሚስማማውን ዘር መልሶ ያገኛል። በ1989 "አማራጭ የኖቤል ሽልማት" እየተባለ የሚጠራው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ዶክተር ሰገነት ቀለሙ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ናይሮቢ

ዶክተር ሰገነት የፍኖተ ሰላም ልጅ ናቸው። ከዓለማያ በኋላ በሞንታና ስቴትና በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ማዕከል ባካሄዱት ምርምር፣ በመኖ ሣር ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ሣሩ በሽታንና የአየር ንብረት ለውጥን እንዲቋቋም እንዴት እንደሚረዱት አጥንተዋል። ለዚህም በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተበርክቶላቸዋል። ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በመምራትም የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

የአርሶ አደሩ ድርሻ

ከእነዚህ ሥራዎች በስተጀርባ ዘርን ለዘመናት መርጦ ያቆየ ገበሬ አለ። አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ1973 የፐርዱ ተመራማሪዎች በርካታ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው፣ ላይሲን በተባለው ለሰውነት ግንባታ አስፈላጊ በሆነ ንጥረ ነገር የበለጸጉ ሁለት ማሽላዎችን ለዩ። የሁለቱም መገኛ ወሎ ነበር። የአካባቢው ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽላ ከጥንት ጀምሮ "ወተት በጉንጬ" ሲል ይጠራዋል። ቤተ ሙከራው በመሣሪያ ለክቶ የደረሰበትን ገበሬው ቀምሶ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ የተመራማሪ ክብር ሲታሰብ የገበሬው ምስክርነትም ሊታሰብ ይገባል። ዝርያው በየትኛው ቀበሌ ተዘራ? በድርቅ ዓመት ምን ያህል ሰጠ? ለእንጀራና ለጠላ ይስማማል? አገዳው ለከብት መኖና ለቤት መሥሪያ ይሆናል? የእነዚህ መልስ በጥናት ወረቀቱ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ በማሳው ላይ ግን አለ።

ለእኛ ተቋማት ምን ይጠቅማል?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም በየዓመቱ በርካታ ወጣቶች በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ይመረቃሉ። ሥራቸው በተገቢው መንገድ እንዲከበር ሦስት ነገሮች ይረዳሉ። የመጀመሪያው የምሩቃንን ሥራ ለዓመታት ተከታትሎ መመዝገብ ነው፤ ያልተመዘገበ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምስክር አያገኝም። ሁለተኛው በጥቆማው ሂደት የልማት ጣቢያ ሠራተኞችንና አርሶ አደሮችን ማሳተፍ ነው። ሦስተኛው በሽልማቱ መድረክ ላይ የቴክኒክ ረዳቶችንና ማሳቸውን ለሙከራ የሰጡ ገበሬዎችን አብሮ ማመስገን ነው።

ክብሩ የሚመዘነው በማዕረግና በሥልጣን ብቻ ከሆነ፣ ወጣቱ ምሁር የሚሮጠው ወደ ቢሮ ወንበር ነው። መመዘኛው ማሳ ላይ የታየ ለውጥ ሲሆን ግን፣ አቀንጭራ በወረረው መሬት ላይ ዓመታትን ለማሳለፍ የሚደፍር ተመራማሪ ይበረክታል።