የሕዝብ መጓጓዣና የሕዝብ ሥልጣን፦ ከደልጊ ወደብ ሲታይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያቀናው ዋና የመኪና መንገድ ጣናን በስተ ምሥራቅ አቅፎ ያልፋል። ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ ማክሰኚትንና አዘዞን እየነካ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ይገባል። መንገዱ በዚያ ወገን በመቀየሱ የሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ለብዙ ዘመን አውቶቡስ ሳያይ ኖረ። የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ደልጊ ከባሕር ዳር ጋር የምትገናኘው በውሃ ነበር። ስለዚህ በአገራችን የሕዝብ መጓጓዣ ከግል ባለንብረት እጅ ወጥቶ እንዴት የሕዝብ ሆነ፣ በእርግጥስ ሆነ ወይ፣ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ብቻ ሳይሆን ከደልጊ ወደብም መፈለግ ይገባል።

የጣና የመጀመሪያው መጓጓዣ ታንኳ ነው። የወይጦ ባለሙያዎች ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ በነዶ በነዶ አስረው የሚሠሩት ይህ ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ከጉዞ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። የዘጌ ሰው ቡናውንና ማገዶውን፣ የደቅ ሰው እህሉን በዚሁ ይጭን ነበር። ከ1910ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶች ያጠናው በታንኳ እየዞረ ነው። ታንኳ በባለቤትነት ረገድ የሚያወዛግብ ነገር አልነበረውም፤ የሠራው ወይም የገዛው ይቀዝፈዋል። ችግሩ ሌላ ነበር። ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ታንኳውን ያንገላታዋል፤ ስለዚህ መንገደኛው ዳር ዳሩን ይሄዳል፣ ሲመሽ ዳርቻ ላይ ያድራል። ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን ሐይቅ እንዲህ ማቋረጥ እንደ ነፋሱ ጠባይ ቀናት ይፈጃል።

የሞተር ጀልባ በጣና ላይ ሥራ የጀመረው ከኢጣልያ ወረራ ጋር ተያይዞ ነው። ወራሪው ጎርጎራንና ባሕር ዳርን የጀልባ ማረፊያ ያደረጋቸው ለጦሩ ስንቅና ትጥቅ ማመላለሻ እንጂ ለአገሬው ገበያተኛ አስቦ አልነበረም። ከነጻነት በኋላ የሐይቁ የሞተር መጓጓዣ ናቪጋጣና በተባለ ኩባንያ እጅ ሆነ። ኩባንያው ለንግድ የቆመ ነውና ጀልባው የሚቆምበትን ወደብ፣ የሚነሣበትን ቀን፣ የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚወስነው በትርፍና ኪሣራ ስሌት ነበር። ይህን መውቀስ አይቻልም፤ ነጋዴ ከዚህ ሌላ ሚዛን የለውም። ነገር ግን ሌላ መውጫ የሌለው የምዕራብ ዳርቻ ሕዝብ ሐኪም ዘንድ ለመድረስም፣ ዳኛ ፊት ለመቅረብም በዚያው ሚዛን ይመዘን ነበር።

የባለቤትነቱ ጥያቄ በግልጽ የፈነዳው ግን በጣና ዳር ሳይሆን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ነው። የአንበሳ አውቶቡስ ታሪክ በ1935 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ጥለዋቸው በሄዱ ጥቂት ተሽከርካሪዎች ይጀምራል። ሥራው በመጀመሪያ የመንግሥት ነበር። በ1940ዎቹ ግን የንጉሣዊው ቤተሰብ አባላትና መኳንንቱ ዋና ባለድርሻ የሆኑበት የአክሲዮን ማኅበር ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በሌላው ዓለም በተለመደው ቅደም ተከተል የግል አውቶቡስ ወደ ሕዝብ ይዞታ ይዛወራል፤ በእኛ አገር ግን የመንግሥት የነበረው ነው ወደ ባለሥልጣን ኪስ የገባው። የአውቶቡሱን ታሪፍ የሚያጸድቀው መንግሥትና ከታሪፉ ትርፍ የሚካፈለው ባለድርሻ በአንድ ግቢ የሚያድሩ ነበሩ። ተሳፋሪው ለማን ይጩህ?

ጩኸቱ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ተሰማ። የነዳጅ ዋጋ በማሻቀቡ የታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን የተቃወሙት መምህራንም በዚያው ቀን የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ የአንበሳ አውቶቡሶች በድንጋይ ተደበደቡ። ይህን ተራ ሁከት ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። አውቶቡሱ የማን እንደሆነ በከተማው የማያውቅ አልነበረም፤ ድንጋዩ የተወረወረው በመኪናው ላይ ቢሆንም የተላከው ለባለቤቱ ነው። መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም በዚያው ወር ከሥልጣን ወረደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተሳፍረው መሆኑ፣ ለመጓጓዣ ታሪክ ጸሐፊ ሊታለፍ የማይችል ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በታኅሣሥ 1967 ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች ተወረሱ፤ በጥር 72 ኩባንያዎች ሙሉ በሙሉ የመንግሥት መሆናቸው ታወጀ፤ የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተከተሉ። አንበሳ ተወረሰ፤ ቆይቶም በሕዝብ ማመላለሻ ኮርፖሬሽን ሥር ገባ። የጣና ጀልባዎችም ከኩባንያው ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወሩ።

በግል እጅ የቀሩት የጭነት መኪናዎችና የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ደግሞ በ«ቀጠና» ተደራጁ። ቀጠና የዘመኑ ልዩ ፈጠራ ነበር። መኪናው የባለቤቱ ነው፤ ዕዳውም፣ ጎማውም፣ ሾፌሩም የእሱ ነው። ነገር ግን መቼ እንደሚነሣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ስንት እንደሚያስከፍል የሚነግረው መንግሥት ነው። ባለንብረቱ ይህን አምርሮ ይጠላ ነበር፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም፤ ተራው እስኪደርስ ቆሞ መዋል፣ ጭነት በሌለበት አቅጣጫ መታዘዝ ነበረበትና። ይሁን እንጂ ከቀጠና አንድ ቁም ነገር ይቀሰማል። የአንድን መጓጓዣ ጠባይ የሚወስነው በሊብሬው ላይ የተጻፈው ስም ብቻ አይደለም። መስመሩን፣ ሰዓቱንና ታሪፉን የሚቆርጠው ማነው የሚለው ጥያቄ ከስሙ ይቀድማል።

በአንበሳ ላይ ይህ በተቃራኒው ታየ። ንብረቱ የሕዝብ ተባለ። ታሪፉ ዝቅ ብሎ መቆየቱ ሠራተኛውንና ተማሪውን በእጅጉ ጠቀመ፤ ይህ እውነተኛ ድል ነውና መካድ አይገባም። ግን መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ሲጠፋ፣ መኪናው ጋራዥ ሲከርም፣ ሰልፉ ሲረዝም ተሳፋሪው የሚጠይቅበት ሸንጎ አልነበረውም። ሥልጣኑ ከባለ አክሲዮኑ ወደ ቢሮው እንጂ ወደ ፌርማታው አልወረደም። በ1966 አውቶቡሱን በድንጋይ የመታው ወጣት ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያው ፌርማታ ቆሞ፣ አውቶቡሱ «የራሱ» መሆኑ እየተነገረው፣ መቼ እንደሚመጣ ግን የሚነግረው አጥቶ ይጠብቅ ነበር።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ለንደን በ1933 እ.ኤ.አ. አውቶቡሶቿንና ባቡሮቿን በአንድ የሕዝብ ቦርድ ሥር አደረገች፤ ለባለንብረቶቹም ካሣ ተከፈለ። ከለንደን በስተቀር ያሉት የእንግሊዝ ከተሞች በ1986 እ.ኤ.አ. አውቶቡሱን ለገበያ ለቀቁት፤ መስመርና ዋጋ የኩባንያዎች ጉዳይ ሆነ። የማንችስተር ከተማና አካባቢዋ ከመስከረም 2023 እስከ ጥር 2025 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ ወደ ሕዝብ ቁጥጥር መለሱት። ልብ የሚባለው፣ አውቶቡሶቹን የሚያንቀሳቅሱት አሁንም በውል የገቡ የግል ኩባንያዎች መሆናቸው ነው፤ የተወሰደባቸው መስመሩን፣ ሰዓቱንና ታሪፉን የመቁረጥ ሥልጣን ነው። ቀጠናን የሚያስታውስ ሰው በዚህ ፈገግ ሊል ይችላል። ልዩነቱ በማንችስተር ኩባንያው ለሮጠበት መንገድ በውሉ መሠረት ይከፈለዋል፤ የቀጠናው ባለ መኪና ግን ትእዛዙን ተቀብሎ ኪሣራውንም ለብቻው ይሸከም ነበር።

ወደ ጣና እንመለስ። በሐይቁ ላይ የመንግሥት ይዞታ መልካም ጎኑን ያሳየው በአንድ ነገር ነው፤ ሳምንታዊው የረጅም መስመር ጉዞ አልተቋረጠም። ጀልባዋ ለብዙ ዓመታት እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ዘጌንና ደቅን ነክታ፣ ቁንዝላ አድራ፣ በማግሥቱ በደልጊ በኩል ጎርጎራ ትገባ ነበር። በትርፍ ዓይን ሲታይ ሐይቁን በሁለት ቀን ለሚያቋርጥ፣ እህል፣ ዶሮና ማር የያዘ ገበሬ ለሚሳፈርበት ጉዞ የሚደክም ነጋዴ አይገኝም። ገዳማቱን ለማየት ከባሕር ዳር ዘጌ ደርሶ የሚመለሰው ጎብኚ በግማሽ ቀን የበለጠ ይከፍላል፤ በኋላ ዘመን የግል ጀልባዎች በዚያ አጭር መስመር ላይ የተሰበሰቡትም ለዚሁ ነው። የደልጊን መስመር በሕይወት ያቆየው «ይህ ሕዝብም መንገድ ይገባዋል» የሚል ውሳኔ ነው። በሌላ በኩል ጉዞው በሳምንት አንድ ቀን መሆኑ የዚያኑ ውሳኔ ድንበር ያሳያል። ማክሰኞ ምጥ የያዛት ሴት እስከሚቀጥለው ጀልባ አትጠብቅም።

በ1984 ዓ.ም. የመንገድ ትራንስፖርት ሕግ ሲለወጥ ቀጠና ቀረ፤ ባለንብረቶች በማኅበራት ተደራጁ፤ አንበሳም በ1986 ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። መኪና በማይገባበት የጣና ዳር ግን የሐይቁ መጓጓዣ በመንግሥት እጅ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ 2» የተባለችው አዲስ ጀልባ ወደ ሐይቁ የተጓዘችው ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ በሰፊው የአስፋልት መንገድ ነው።