ዝንጅብል መቼ ብንወስደው ይሻላል? ታሪኩ ራሱ መልስ አለው



"ዶክተር፣ ዝንጅብል ጠዋት በባዶ ሆድ ነው ወይስ ማታ?" ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ዛሬ ከታሪኩ እንጀምር።

የዝንጅብል አገሩ እስያ ነው። ስሙም አብሮት ተጉዟል፤ በሳንስክሪት "ሽሪንጋቬራ"፣ በግሪክ "ዚንጊቤሪስ"፣ በዐረብኛ "ዘንጀቢል"፣ እኛ ዘንድ "ዝንጅብል" ሆነ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ዲዮስቆሪዴስ ምግብ እንዲፈጭ እንደሚረዳና ለጨጓራ እንደሚስማማ ጽፏል። የሚበቅለው ግን በዐረቢያና በቀይ ባሕር የአፍሪካ ዳርቻ መስሎት ነበር፤ የቅመም ንግዱ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነበርና። አገሩን ቢስትም ጥቅሙን አልሳተም። የቻይናው ጠቢብ ኮንፊሽየስም ዝንጅብል ከማዕዱ እንደማይለይ፣ ግን እንደማያበዛው ተጽፏል።

ሳይንሱ ይህን የፈተነው ዘግይቶ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች 36 ተማሪዎችን በሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀመጡ። አስቀድመው የዝንጅብል ዱቄት የዋጡት ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ታገሡ። በ1988 ዴንማርክ ውስጥ 80 የባሕር ኃይል ሰልጣኞች ሲፈተኑ፣ 1 ግራም ዝንጅብል ማስታወክንና ቀዝቃዛ ላብን ቀነሰ። በ1991 ደግሞ እዚያው ዴንማርክ በእርግዝና ማስታወክ ለተቸገሩ እናቶች 250 ሚሊግራም በቀን 4 ጊዜ ተሰጥቶ ብዙዎቹን ረዳ። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት ባያሳዩም፣ ዝንጅብል በደንብ የተፈተነው ለማቅለሽለሽ ነው።

ታዲያ መቼ እንውሰደው?

✅ መኪና ለሚያማችሁ፦ ጉዞ ከመጀመራችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት። ማስታወክ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይጠቅምም።

✅ ለነፍሰ ጡር፦ በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይሆን፣ ትንሽ ትንሽ በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ። አስቀድማችሁ የሚከታተላችሁን ባለሙያ አማክሩ።

✅ ቃር ላለባችሁ፦ በባዶ ሆድ ወይም ልትተኙ ስትሉ አትጠጡት። ከምግብ ጋር ቢሆን ይሻላል፤ ከባሰባችሁ ተዉት።

⚠️ ልብ በሉ!

ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ቀዶ ሕክምና የምትጠብቁም፣ ዝንጅብል አዘውትራችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ውሃ እንኳ የማይረጋላት፣ ሽንቷ የቀነሰና የጠቆረ ነፍሰ ጡር በዚያው ቀን ጤና ተቋም ትሂድ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲያስለው ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ዝንጅብል ስታፈሉ ጊዜ እንዳያልፍባችሁ፤ ወዲያውኑ ውሰዱት። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ዝንጅብል በማር ተብሎ ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

ዝንጅብል ሁለት ሺህ ዓመት ያገለገለን በልኩና በጊዜው ሲወሰድ ነው። ከሐኪም ቤት የሚያስቀር ሲሆን ግን ይጎዳል።

መልካም ጤና! ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።