ማሽላው ሲከዳ

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ንግዱ የከሰረበት ወጣትም እንደዚያው ነው። ትናንት «ሥራ ፈጣሪው» እያለ ያጨበጨበለት ሁሉ፣ ዛሬ «ብዬ ነበር እኮ!» ባይ ይሆናል። ልጁም ከኪሳራው ይልቅ ወሬውን ፈርቶ ቤት ይውላል፤ ለሰው ተቀጥሮ መሥራትን እንደ ውርደት ያየዋል።

እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መካሪ ፈልግ ብባል የምልከው ወደ ቆቦ ገበሬ ነው። በቆቦና በራያ ቆላ ትልቁ ተስፋ በሚያዝያ የሚዘራው ማሽላ ነው። ደጋሊትና ጅጉርቴ የሚባሉት የአገሬው ዝርያዎች ምርታቸው ይመሰገናል፤ ለመድረስ ግን ብዙ ወራት ይፈጅባቸዋል። የበልጉ ዝናብ ከከዳ ቡቃያው ይደርቃል። ገበሬው ታዲያ ማሳውን ይገለብጥና ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል፤ እሱም ካልሆነ በሐምሌ ጤፍ፤ ጤፉም ካመለጠ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ። ጤፍ ዘራ ብሎ የሚያማው የለም። የከዳው ዝናቡ ነዋ!

ልብ በሉልኝ፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው በሬውና ዘሩ እጁ ላይ እስካሉ ድረስ ነው። ከ1880 ዓ.ም ጀምሮ በነበረው ክፉ ቀን በሽታ ከብቱን ፈጀውና ዝናብ ቢመጣም የሚያርስ በሬ ታጣ። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንስተው መቆፈራቸው የሚነገረው ያን ጊዜ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም የወሎ ረሃብም ገበሬው በሬውን በርካሽ ሸጠ። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ በአገሪቱ እህል እያለ የወሎ ሰው መግዣ አጥቶ አለቀ። ከዚያ የተረፈውም ቢሆን በባዶ እጁ ምን ይዞ ይረስ?

ዕዳም በሬ ይወስዳል። ድሮ አበዳሪና ተበዳሪ በሰንሰለት ተቆራኝተው ይውሉ ነበር። ተበዳሪው ሠርቶ እንዳይከፍል ታስሯል፤ አበዳሪውም አብሮት ሥራ ፈትቷል። ይሄ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? የ1952ቱን የንግድ ሕግ ያሻሻለው የ2013 ዓ.ም አዋጅ፣ የተቸገረ ድርጅት ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ የሚያገግምበትን መንገድ ማስቀመጡ ደግ አደረገ። ሕግ ብቻውን ግን አያርስም። ዋስ የሆነው አጎትም ትንሽ ይታገስ። ቀጣሪውም «ድርጅት ከፍቼ ከሰርኩ» የሚለውን አመልካች ፊት አይንሳው፤ ደመወዝ መክፈልን፣ ግብርን፣ ደንበኛ መለማመጥን በገዛ ገንዘቡ የተማረ ሰው ነው።

ወጣቱም ቢሆን የደረቀ ማሽላ ሲጠብቅ ሐምሌ አይለፍበት። ተቀጥሮ ጤፉን ይዝራ፤ በሬው ይትረፍለት እንጂ ሚያዝያ እንደሆነ ተመልሶ ይመጣል።